ሽታን መሸፈንና ሽታን ማስወገድ

በማኅበራችን የአባላትና የደጋፊዎች ስብሰባ ላይ አንዲት የኬሚስትሪ መምህርት አባላችን ያቀረቡት ንግግር



የዛሬው ርእሴ የልብስ ሽታ ነው። ርእሱን ስትሰሙ ፈገግ ያላችሁ አላችሁ። ነገር ግን እዚህ ከተቀመጥነው መካከል ከሽታ ጋር ያልታገለች የለችም። በልብስ እጥበት የሚተዳደሩት እህቶቻችን በክረምት በደንብ ያልደረቀ አንሶላ የሚያመጣውን ሽታ ያውቁታል። ማድ ቤት የዋለች እናት ጭሱና ሽንኩርቱ ነጠላዋ ላይ ተጣብቆ ታክሲ ውስጥ አብሯት ይሳፈራል። የሕፃን የሽንት ጨርቅማ ለእናቶች የሚነገር ነገር አይደለም። ውጭ አገር ያላችሁ ደጋፊዎቻችንም የዶሮ ወጥ ቁሌት ካፖርት ውስጥ ገብቶ ልጆቻችሁ ክፍል ውስጥ እንዳይሳቀቁ ስትጨነቁ እንደምትኖሩ ነግራችሁናል።

ለዚህ ጭንቀት ገበያው መልስ አለው፤ የሚረጭ ጠርሙስ ይሸጥልናል። ልጆቻችን የሚማሩበት የቅዳሜ የሳይንስ ክፍል በዚህ ወሰነ ትምህርት የተነሣው ከአንድ ጥያቄ ነበር፦ እነዚህ የልብስ ሽታ ማጥፊያዎች በእውነት ምን ይሠራሉ? ሽታውን ያጠፉታል ወይስ ይደብቁታል? ልጆቹ በእጃቸው ሞክረው ያገኙትን ላካፍላችሁ መጥቻለሁ። ነገሩ ኪሳችንን ይነካል፣ ሳንባችንን ይነካል፣ የሴት ልጆቻችንንም ክብር ይነካል።

ሽታ ቁስ ነው

መጀመሪያ አንድ ነገር እንያዝ። ቀይ ሽንኩርት ሸተተን ማለት ከሽንኩርቱ ተነሥተው በአየር የተጓዙ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች፣ ሞለኪውሎች የምንላቸው፣ አፍንጫችን ውስጥ ገብተዋል ማለት ነው። እንግዲህ ለመሽተት መብረር ያስፈልጋል። ጨው በብርጭቆ አድርጋችሁ ብታሸቱት ምንም አይሸትም፤ ቅንጣቶቹ ተነሥተው አይበሩምና።

ይህን ከያዝን፣ በልብስ ላይ ካለ ሽታ ጋር ልናደርግ የምንችለው አራት ነገር ብቻ ነው። በሌላ ሽታ እንሸፍነዋለን፤ መብረር ወደማይችል ነገር እንለውጠዋለን፤ እዚያው ጨርቁ ላይ እናስረዋለን፤ ወይም ከጨርቁ እናስወጣዋለን። ልጆቹ እያንዳንዱን በየተራ ፈተኑት።

መሸፈን

ከአንድ ንጹሕ አቡጀዲ አምስት እኩል ቁራጭ ቆረጥን። ከተከተፈ ቀይ ሽንኩርት ጋር በተከደነ ዕቃ ውስጥ አሳደርናቸው። በማግስቱ እያንዳንዱን ቁራጭ ክዳን ባለው የጃም ጠርሙስ ውስጥ አስገባን። በአንደኛው ላይ ምንም አላደረግንም። በሁለተኛው ላይ ሽቶ ነፋን። በሦስተኛው ላይ ውሃ ብቻ ነፋን። በአራተኛው ላይ ቤኪንግ ሶዳ ነሰነስን። በአምስተኛው ውስጥ የተወቀጠ ከሰል በትንሽ ከረጢት አድርገን አኖርን።

ጠርሙሶቹ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አልጻፍንም። የሚያሸቱት ልጆች የትኛው ምን እንደያዘ አያውቁም። እያንዳንዷ ከ0 እስከ 5 ነጥብ ትሰጣለች። አፍንጫ ጠርሙሱ ላይ አይደፋም፤ በእጅ ወደ ራስ እያራገቡ ነው የሚያሸቱት። በመካከል ደግሞ ወደ ውጭ ወጥተው አየር ይወስዳሉ፤ አፍንጫ አንድን ሽታ ቶሎ ስለሚለምደው። የራሳችን ቤት ሽታ የማይታወቀን፣ እንግዳ ግን በር ላይ ሲደርስ የሚያውቀው በዚህ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ ሽቶ ያለበት ጠርሙስ ተወደደ። ጨርቆቹን አውጥተን ገመድ ላይ ሰቅለን እንደገና ስናሸታቸው ግን ሽቶው ቀድሞ በርሮ ሽንኩርቱ ቀርቶ ነበር። ከሰሉ ሽታውን ቀነሰው እንጂ አላጠፋውም። ከሰል በውስጡ ባሉት ደቃቅ ቀዳዳዎች ሽታን ይይዛል፤ ለማጣሪያ ተብሎ በፋብሪካ የሚዘጋጀው ከሰል ደግሞ ቀዳዳው እጅግ ይበዛል።

ከዚህ ሙከራ ልጆቹ ከሁሉ በላይ የተማሩት ስለ መጀመሪያው ጠርሙስ ነው፤ ምንም ስላልተደረገበት። እሱ ባይኖር ሌሎቹ ሠሩ ወይስ አልሠሩም የሚል ዳኛ አይኖርም ነበር። አንድ ሻጭ «ይህ መድኃኒት ሽታ ያጠፋል» ሲላችሁ «ከምን ጋር አወዳድረኸው?» ብላችሁ ጠይቁ።

መለወጥ

የሕፃን የሽንት ጨርቅ ትኩስ ሲሆን ያን ያህል አይሸትም። ሲያድር ነው ዓይን የሚያቃጥለው። በሽንት ውስጥ ዩሪያ የሚባል ነገር አለ፤ ባክቴሪያዎች እሱን ወደ አሞኒያ ይለውጡታል። አሞኒያ በቀላሉ የሚበር ነገር ነው፤ በኬሚስትሪ ቋንቋ ደግሞ ቤዝ ነው።

አንድ ቁራጭ ጨርቅ ላይ በውሃ የቀጠነ አሞኒያ ጠብ አደረግንና ጠርሙስ ውስጥ አኖርነው። ከክዳኑ ሥር፣ ጨርቁን ሳይነካ፣ ውሃ የነካው ቀይ ሊትመስ ወረቀት አንጠለጠልን። ወረቀቱ ሰማያዊ ሆነ። ማንም ሳይነካው ቀለሙ መለወጡ አሞኒያው በአየር በርሮ እንደደረሰበት ያሳያል። ቀጥለን በሌላ ጠርሙስ ውስጥ ተመሳሳይ ጨርቅ አኑረን በላዩ ኮምጣጤ፣ ማለትም አቼቶ፣ አፈሰስንበት። ወረቀቱ ቀይ እንደሆነ ቀረ። የአቼቶው አሲድ አሞኒያውን ይዞ ወደ ጨው ለውጦታል፤ ጨው ደግሞ አይበርም። ዓሣ ላይ ሎሚ የምንጨምቀውም በተመሳሳይ ምክንያት ነው፤ የዓሣ ሽታ የሚመጣው ቤዝ ከሆኑ ነገሮች ነው።

ሁለተኛው ተቃራኒ ነው። ለጸጉር የተቀባነው ቅቤ ነጠላ ላይ ነክቶ ሲቆይ የሚሸተው በአመዛኙ ቡቲሪክ አሲድ ከሚባል ነገር ነው። ይህ አሲድ ስለሆነ አቼቶ አይረዳውም። ቤኪንግ ሶዳ በውሃ ሟምቶ ሲፈስበት ግን ወደ ጨው ይለወጥና ሽታው ይቀንሳል። ልጆቹ በዚያ ላይ የሲትሪክ አሲድ ዱቄት ሲጨምሩበት የቅቤው ሽታ ተመልሶ መጣ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ትምህርቱ ግን የማይረሳ ነው፤ የተለወጠ ነገር ሊመለስ ይችላል፤ ስለዚህ ከሶዳው በኋላ ልብሱን በሳሙና ማጠብና በብዙ ውሃ ማለቅለቅ የግድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ምክር ላክል። ብዙዎቻችን አቼቶንና ቤኪንግ ሶዳን አንድ ላይ መቀላቀል ኃይል የሚጨምር ይመስለናል። ሲገናኙ ይንተከተካሉ፤ ያ አረፋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሁለቱ ግን እርስ በርሳቸው ተጠፋፍተው የሚተርፈን ጨዋማ ውሃ ነው። ገንዘባችሁን ሳፋ ውስጥ አታፍስሱ፤ ለአሞኒያ አቼቶ፣ ለቅቤ ሶዳ፣ ለየብቻ።

ማሰር

አሁን ወደሚረጨው ጠርሙስ እንመለስ። ውጭ አገር ያላችሁ ፌብሪዝን ታውቁታላችሁ። ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። መጀመሪያ ሽታ የሚያጠፋ ነው ተብሎ ሲተዋወቅ ሽያጩ ደካማ ነበር ይባላል፤ ሽታ የሚበዛበት ቤት ያለው ሰው ሽታውን ለምዶታልና። በኋላ መዓዛው ተጠናክሮ፣ ቤት ተጸድቶ ሲያበቃ የሚረጭ ነገር ሆኖ ሲቀርብ ተሳካለት። ስለዚህ ጠርሙሱ ውስጥ አንድም የሚሸፍን መዓዛ አለ፣ አንድም የሚያስር ነገር አለ። ልጆቹን ያስደነቃቸው ሁለተኛው ነው።

ስሙ ሳይክሎዴክስትሪን ይባላል፤ የሚሠራው እንደ በቆሎ ካለ እህል ስታርች ነው። ቪሊየ የተባለ ፈረንሳዊ በ1891 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያ ስታርችን ሲበላ የሚተርፈውን ሲመረምር አገኘው፤ ቀጥሎ ሻርዲንገር የተባለ የኦስትሪያ ሰው በዝርዝር አጠናው። ቅርጹን እንዲህ አስቡት፦ ሰባት ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ክብ ሠሩ። ሰባቱ ሰዎች ግሉኮስ የሚባሉ የስኳር ቅንጣቶች ናቸው። ክቡ ላይና ታቹ ክፍት የሆነ ትንሽ ቅርጫት ይመስላል። የውስጡ ስፋት ከአንድ ናኖሜትር ያንሳል፤ አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው። የቅርጫቱ ውጭ ውሃ ይወዳል፤ ውስጡ ግን ውሃ አይስማማውም፤ ቅባት ነክ ነገር ነው የሚስማማው። ብዙዎቹ የሽታ ቅንጣቶች ደግሞ ቅባት ነክ ናቸው። ስለዚህ ገብተው ይቀመጣሉ። ገብቶ የተቀመጠ አይበርም፤ የማይበር አይሸትም።

ይህን ሽታ በሌለው ነገር፣ በዓይን በሚታይ መንገድ አሳየናቸው። አንዲት ደጋፊያችን የላኩልን ጥቂት ንጹሕ የቤታ-ሳይክሎዴክስትሪን ዱቄት ነበረን። በአንድ ብርጭቆ ውሃ ቁንጥር ሶዳ አሽ አሟሟን። ጥቂት ጠብታ ፌኖልፍታሊን ስንጨምርበት ደማቅ ሮዝ ሆነ። በሦስት የመስታወት ቱቦዎች ከፋፈልነው። በአንደኛው ጥቂት ውሃ፣ በሁለተኛው ቁንጥር ስኳር፣ በሦስተኛው ቁንጥር ሳይክሎዴክስትሪን ጨመርን። ውሃ የተጨመረበት ትንሽ ቀጠነ። ስኳር የተጨመረበት ሮዝ ሆኖ ቆየ። ሦስተኛው እያዩት ነጣ። ስኳርም የሳይክሎዴክስትሪን ዘመድ ነው፤ ቅርጫት ግን የለውም።

ከልጆቹ አንዷ ወዲያው ተነሣችና «ዱቄቱ አሲድ ሆኖ ሶዳውን አጥፍቶት ቢሆንስ?» አለች። መምህር የሚመኘው ጥያቄ ይህ ነው። ፌኖልፍታሊን አሲድ ሲነካው ቀለም አልባ ይሆናልና ጥርጣሬዋ ትክክል ነበር። ሦስተኛውን ቱቦ ሙቅ ውሃ ባለበት ጣሳ ውስጥ አቆምነው። ሮዙ ተመለሰ። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስናቆመው እንደገና ጠፋ። በአሲድ የጠፋ ሶዳ ስላሞቁት አይመለስም። ቀለሙ ታስሮ ነበር፣ ሙቀት ፈታው፣ ቅዝቃዜ መልሶ አሰረው።

እንግዲህ ይህ የሚረጭ ነገር ማታለያ ብቻ አይደለም፤ ዝርዝሩ ላይ ሳይክሎዴክስትሪን የሚል ቃል ያለበት በእውነት ሽታ ያስራል። ለካፖርት፣ ለሶፋ፣ ለፍራሽ፣ ቶሎ ለማይታጠብ ነገር ጥቅም አለው። ነገር ግን የታሰረው ሽታ አሁንም ጨርቁ ላይ ነው። ያልወጣ እድፍ፣ ያልሞተ ባክቴሪያ አለ ማለት ነው። ታጥቦ የሚወጣ ልብስ ላይ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

ማስወጣት

አራተኛው መንገድ እናቶቻችን የሚያውቁት ነው፤ ሳሙና፣ ውሃ፣ ፀሐይና ንፋስ። የሳሙና ቅንጣት አንድ ጫፉ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ጫፉ ቅባት ይወዳል። ቅባቱን ከነሽታው ይዞ ከውሃው ጋር ይወጣል። በደንብ ያልተለቀለቀ ልብስ ግን ሳሙናውንም እድፉንም ይዞ ይቀራል።

በክረምት የሚያስቸግረን የእርጥበት ሽታ ከሕያዋን ነገሮች የሚመጣ ነው። ልብሱ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ባክቴሪያና ሻጋታ ይራቡበታል። ዛሬ ሽታቸውን ብታስሩት ነገ ሌላ ያመርታሉ። ስለዚህ የልብስ እጥበት ቡድናችን ሥራ ሽታን ማሳደድ ሳይሆን የማድረቂያውን ጊዜ ማሳጠር ነው፤ በደንብ መጭመቅ፣ እርጥብ ልብስ ሳፋ ውስጥ ከምሮ አለማሳደር፣ ገመድ ላይ አራርቆ መስቀል፣ በዝናብ ጊዜ መስኮት ከፍቶ ንፋስ ማስገባት።

የሴቶች የልብስ ማጠቢያ ዕውቀት ከሳይንስ ውጭ ነው የሚል ካለ ስለ እንዶድ ይጠይቅ። የእንዶድ ፍሬ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የሚባል ነገር ስላለው ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያ በሽታ የሚተላለፈው በቀንድ አውጣ በኩል ስለሆነ ነገሩን ተከታተሉት፤ እንዶድ ቀንድ አውጣዎቹን እንደሚገድል አረጋገጡ። በ1989 እ.ኤ.አ. ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። መነሻው ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች የቆሙበት ወንዝ ነው።

የማይቀላቀል ነገር

አሁን ለልብስ አጣቢ እህቶቼ ከሁሉ የሚበልጠውን ልናገር። በረኪና ለብቻው በልኩ ጠቃሚ ነው። በረኪና ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ሲገናኝ ግን ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ በ1915 እ.ኤ.አ. በአንደኛው የዓለም ጦርነት በጦር መሣሪያነት ወታደሮች ላይ የተለቀቀው ነው። በረኪና ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝም ሳንባ የሚጎዳ ሌላ ጋዝ ይወጣል፤ ያደረ የሽንት ጨርቅ ደግሞ አሞኒያ አለበት። በጠባብና መስኮት በሌለው ክፍል ጎንበስ ብላ የምታጥብ ሴት «በረኪና ያስለኛል» ስትል የሚያስላት ቅልቅሉ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የሽንት ጨርቅ መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ። በአቼቶ የተነከረ ልብስ በረኪና ውስጥ አይግባ። በረኪና በለስላሳ ጠርሙስ አይቀመጥ፤ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ጋዙ ከሸተታችሁ ሳፋውን ጥላችሁ ወደ አየር ውጡ፤ ልብስ ይተካል።

ልጆቹ ይህን ሙከራ አልሠሩም፤ አይሠሩምም። በቃል ነው ያስተማርናቸው፣ እነሱ ደግሞ ለእናቶቻቸው በትልልቅ ፊደል ጽፈው ሰጥተዋል።

ሽታ መልእክት ሲሆን

የመጨረሻው ነገር ስለ ልብስ ብቻ አይደለም። ሴት ልጅ «ትሸቻለሽ» ስትባል የሚሰማትን ሁላችንም እናውቃለን። የወር አበባዋ ሲመጣ ሽታ ፈርታ ከትምህርት ቤት የምትቀር ልጅ አለች። ለእሷ የሚያስፈልጋት ሽቶ አይደለም፤ የሚቀየር ንጹሕ ጨርቅ ወይም ሞዴስ፣ ውሃና የሚዘጋ በር ነው። የልብስ ሽታ ማጥፊያ ደግሞ ለልብስ የተሠራ ስለሆነ ገላ ላይ አይረጭም።

የተለመደ ያልሆነ የሰውነት ጠረን ሲመጣ ሽታው መልእክት ነው፤ ጤና ጣቢያ እንጂ ሽቶ ቤት አያስኬድም። በአስቸጋሪ ምጥ ተጎድታ ሽንቷን መቆጣጠር ያቃታት ሴት በሽታዋ ምክንያት ከሰው ተለይታ ቤት ውስጥ ተደብቃ ስትኖር ዘመድ ይጨነቅና ዕጣን ያጨስላታል። ይህ ፊስቱላ የሚባል፣ በቀዶ ጥገና የሚታከም ጉዳት ነው። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን በ1974 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ለዚሁ ሆስፒታል መሥርተዋል፤ ሕክምናውም በነፃ ይሰጣል። በሰፈራችሁ እንዲህ ያለች ሴት ካለች ሽታዋን አትሸፍኑላት፤ እጇን ይዛችሁ ወደ ሕክምና አድርሷት።

የምንጠይቀው

ስናጠቃልል ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የልብስ እጥበት ቡድናችን አቼቶ፣ ቤኪንግ ሶዳና ሳሙና በጋራ በጅምላ ይግዛ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና። ሁለተኛ፣ በእያንዳንዱ የበረኪና ዕቃ ላይ ከምን ጋር እንደማይቀላቀል ይጻፍበት፤ ማንበብ ላልቻሉ እህቶቻችን ልጆቹ ሥዕል ይሥሉበታል። ሦስተኛ፣ ደጋፊዎቻችን የሚረጭ ጠርሙስ ልትልኩልን ያሰባችሁ እንደሆነ በዚያው ገንዘብ ሊትመስ ወረቀት፣ የመስታወት ቱቦ፣ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ላኩልን። ጠርሙሱ አልቆ ይጣላል፤ «ከምን ጋር አወዳድረኸው?» ብላ መጠየቅ የለመደች ልጅ ግን ነገ ነርስም ትሁን ነጋዴ ጥያቄዋን ይዛው ትኖራለች።

የቅዳሜው ክፍል ለአባላት ሁሉ ክፍት ነው። ከቤታችሁ የሚሸት አንድ ጨርቅ ይዛችሁ ኑ፤ ልጆቹ ምንጩን ይፈልጉላችኋል።